ለፍስክ የቆየው ክኒን

እናቴ እናኑ ሞትን አትፈራም፤ ጦም መሻርን ነው የምትፈራው። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ በኋላ “ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል?” እንዳትሉኝ ነው። ያደርጋል። እናቴን ስለማታውቋት ነው።

እኛ ቤት አረቄ ይወጣል። መንደራችን ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ክረምት ከገባ ባጃጅ አይደርስም፤ ሹፌሮቹማ በበጋም ላለመምጣት ሰበብ አያጡም። የእናቴን አረቄ አንዴ የቀመሰ ሰው ግን በጭቃም ቢሆን መንገዱን ያገኘዋል። እኔም ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ የቀረሁት ለዚሁ ለድፍድፍ ስል ነው። ጠጪዎቹ ሞቅ ሲላቸው “አምለሰት ብትማር ኖሮ ዶክተር ነበረች” ይላሉ። ሲበርድላቸው ደግሞ “ይችን ልጅ ምላሷን የሚቆርጥላት ጠፋ” ይላሉ። እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ፣ ሁለቱንም አልቀበልም።

መጋቢት ላይ እናቴ የድፍድፍ ጋን ስታዘነብል አዳልጧት ወደቀችና ቅልጥሟ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰራትና ከአልጋ እንዳትወርድ አለ። አጥንቱ ጠገነ። እግሯ ግን አበጠ፤ ያውም የተሰበረው ቦታ ሳይሆን ባቷ። ቆዳዋ ተወጥሮ እንደ ሰም ያበራል፣ ሲነኩት ይፋጃል። አባቴ ቢሆነኝ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሙ ባቷን በማሽን አየና “ደሟ እግሯ ውስጥ ረግቷል” አለን።

“ታዲያ ይሟሟል?” አልኩት።

“ቀስ ብሎ። የሚያሰጋን ሌላ ነው። ከእግሯ ተነቅሎ ወደ ሳንባዋ ከሄደ፣ ውሃ አምጡ ለማለት እንኳ ጊዜ አይሰጣችሁም።”

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አጠለቀው። ሌላ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው።

ደም የሚያቀጥን ክኒን ታዘዘላት፤ በየጊዜው እየመጣች ደሟን እንድትለካም ተነገራት። የምትለካት ሲስተር ውዳሴ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ግን ዓይኗ የማይስቅ። “እናት፣ ይስሙኝ” አለቻት። “ደምዎ በጣም ከወፈረ ይረጋል። በጣም ከቀጠነ ደግሞ ይፈሳል፣ አይቆምም። እኛ የምንፈልገው መካከሉን ነው። ስለዚህ ሳይነግሩኝ ሌላ ምንም ነገር እንዳይወስዱ። ቅጠልም ቢሆን፣ ሥርም ቢሆን።”

“እሺ የኔ እመቤት” አለች እናቴ።

እናቴ “እሺ የኔ እመቤት” ካለች እሺ አላለችም ማለት ነው።

ሰኔ ሲገባ የእናቴ ታናሽ እህት እንቁ ከባህሬን ተመለሰች። ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ነው። ቡሬ ቤት ተከራይታ ገባችና በሦስተኛው ቀን እኛ ዘንድ መጣች፤ ሽቶዋ ከጅረቱ ማዶ ይሸታል፣ ስልኳ ከእጇ አይወርድም። የእናቴን እግር አይታ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ነጭ ብልቃጥ አወጣች። ላዩ ላይ ዓሣ ተሥሏል።

“የሠራሁበት ቤት አሮጊቷ ዓሣ ታቦካ ነበር” አለች። “በጨው ከድና ፀሐይ ላይ ታኖረዋለች። ሰናፍጭ፣ ድንብላል፣ እንስላል ትጨምርበታለች። ቀልጦ መረቅ ይሆናል። ዳቦ ላይ ቀብተው ይበሉታል።”

“የበሰበሰ ዓሣ?” አልኩ።

“የቦካ!”

“ልዩነቱ ምንድን ነው?”

“ልዩነቱማ፣ አንቺም ጠጪዎቻችሁን ‘ኑ የበሰበሰ ገብስ ጠጡ’ አትያቸውም።”

እናቴ ከወደቀች ወዲህ ያን ቀን ነው ከልቧ ስትስቅ ያየሁት። እንቁ ይኼን ስታይ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። የአሮጊቷ ልጅ ፋርማሲ ተምሯል አለች። ዓሣውን የሚያቦኩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ኢንዛይም የሚባል ነገር ያወጣሉ፣ ያ ኢንዛይም የረጋ ደም ያሟሟል ብሎ አስረድቷታል። ተመራማሪዎች ከቦካ ዓሣና ከሌላም ከቦካ የባሕር ምግብ እያወጡ ያጠኑታል ብሏታል።

“ያጠኑታል ነው ወይስ አጥንተው ጨርሰዋል?” አልኳት።

“ይኼው በብልቃጥ ተሽጧል እኮ! ካላለቀ ይሸጣል?”

“የቡሬ ገበያም ጥሬ ጎመን ይሸጣል።”

“እናኑ፣ ይችን ልጅሽን ምን አብልተሽ ነው ያሳደግሻት?”

እናቴ ግን እኛን አትሰማም። ብልቃጡን እያገላበጠች ታያለች። “ነገሩ ገብቶኛል” አለች ቀስ ብላ። “ብቅልም እኮ እንደዚሁ ነው። ገብሱን ብቻውን ብትዘፈዝፊው ገብስ ነው። ብቅል ሲገባበት ግን የእህሉን ቋጠሮ ይፈታዋል። ማን እንደፈታው አይታይም፤ ጠላው ነው የሚመሰክረው።” አንዱን ክኒን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው። “ይኼም የደሙ ብቅል ነው።”

በዚያው ቀን ጀመረች። ጠዋት የሆስፒታሉን፣ ቀጥላ የዓሣውን። “ለሲስተሯ ትነግሪያለሽ?” ስላት “ይነጥቁኛል” አለችኝ። “አንቺም አፍሽን ሰብስቢ።”

የሚያስገርመው፣ ተሻላት። የባቷ ውጥረት ረገበ፤ ምርኩዝ ይዛ ጓሮ መውጣት ጀመረች። ከእንቁ ጋር ፍኖተ ሰላም ሄደን ስትለካ ሲስተር ውዳሴ አጨበጨበች። “ልክ መካከሉ ላይ ነዎት! እንዲህ ነው እንጂ!” እንቁ ከኋላዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሲስተሯ ያጨበጨበችው ለሆስፒታሉ ክኒን ነበር፤ እንቁ ደስ ያላት በዓሣው ነበር። እናቴ ደግሞ ለሁለቱም አንገቷን ነቀነቀች።

ሲመሽ እናቴ እጇን ስትታጠብ ክንዷ ላይ የበለዘ ነገር አየሁ፤ መዳፍ የሚያክል፣ ዳር ዳሩ ቢጫ።

“ምን መታሽ?”

“ምንም።”

ምንም ያልመታው ሰው እንዲያ አይበልዝም። ግን ዝናብ ነበር፣ ድፍድፉም ሊገነፍል ደርሶ ነበር፣ ወሬው በዚያው ቀረ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

የጦሙ ዋዜማ እናቴ ብልቃጡን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሥዕሉን ስታይ ደረስኩ። እንቁ ከቡሬ ስልክ ደውላ ነበር፤ ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ያዝኩላት።

“እንቁ፣ ይኼ ነገር ከዓሣ ነው አይደል?”

“ከዓሣው አይደለም፤ ዓሣው ላይ ካለው ባክቴሪያ ነው።”

“ባክቴሪያው ምን በልቶ አደገ?”

“ዓሣ” አለች እንቁ።

“እንግዲያው ዓሣ ነው።”

“እናኑ፣ ዓሣ እኮ በጦም የሚበላ አለ።”

“የሚበላ ይብላ። እኔ በእመቤታችን ጦም ዓሣ በአፌ ገብቶ አያውቅም።”

እኔ ሮጬ የንስሐ አባታችንን አባ ይታገሱን ጠራኋቸው። በዝናብ መጡልኝ። ሰምተው ሳቁና “ልጄ እናኑ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት ጦም አያስፈታም። ውሰጂ” አሏት። “እሺ አባቴ” አለች፤ መስቀላቸውን ተሳለመች። በሩን ከመውጣታቸው ወደ እኔ ዞረች።

“አባ ሩኅሩኅ ናቸው። ለሁሉ ይፈቅዳሉ። እሳቸው ፈቀዱ ማለት እኔ ልብላ ማለት አይደለም።”

“የሆስፒታሉንስ?”

“እሱ ከዓሣ አይደለም፤ እወስዳለሁ።”

በማግስቱ ጠዋት ከብልቃጡ የዕለቱን አወጣች። መወርወሯ ነው ስል፣ መደርደሪያው ላይ ካለው የመቅመሻ ዋንጫ ውስጥ ጣል አደረገችው። ድምፁ “ቅል” አለ።

“ምን ልታደርጊው ነው?”

“ለፍስክ ነው። ጦሙ ሲፈታ እወስደዋለሁ። የታዘዘልኝ እንዲጎድል አልፈልግም።”

“እማ፣ መድኃኒት እኮ እንደ ስግደት ሌላ ቀን አይካስም!”

“ሐኪም ነሽ?”

“አይደለሁም።”

“እንግዲያው ድፍድፉን አማስዪ።”

በየጠዋቱ “ቅል” ትላለች። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። ዋንጫው እየሞላ ሲመጣ ግን ድምፁ ተለወጠ፤ ክኒን በክኒን ላይ ሲወድቅ ዝግ ያለ፣ ደነዝ ያለ ነገር ሆነ። እኔ ደግሞ የምፈራው የተገላቢጦሹን ነበር። ዓሣውን በማቆሟ ደሟ እንደገና ይረጋል ብዬ ነው። ባቷ መክበድ ጀምሮ ነበር። ውሃ ልቀዳ ስወጣ እየተመለስኩ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። አንድ ቀን አስነጥሷት ቀጥ ብላ ስትቆም ባልዲውን ከነውሃው ጣልኩት።

በጦሙ መካከል ቀጠሮዋ ደረሰ። ሲስተር ውዳሴ ውጤቱን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። እንደገና ለካች።

“ምን ሆነ? ያን ያህል ጥሩ ነበሩ እኮ። ወፍሯል። ክኒንዎን እየወሰዱ ነው?”

“በእመቤታችን ስም! አንድ ቀን አላጓደልኩም።”

ውሸት አልነበረም፤ የሆስፒታሉን አላጓደለችም። እኔ አፌን ስከፍት ጉልበቴን በሁለት ጣቷ ያዘችው። የእናቴ ሁለት ጣት ከወጌሻ ይብሳል።

“ጎመን ያበዛሉ? የክኒኑን ኃይል ይቀንሰዋል።”

“ጦም ነው፤ ታዲያ ምን እበላለሁ?”

ሲስተሯ ሐኪሙን አማክራ ተመለሰችና ክኒኑን ጨመረችላት። “ከዛሬ ጀምሮ ይኼን ያህል ይውሰዱ። ጦሙ እንደተፈታ ሳይውሉ ሳያድሩ ተመልሰው ይለኩ።” መንገድ ላይ “እማ፣ ዓሣውን ስላቆምሽ ነው የወፈረው፤ ይኼን ማወቅ ነበረባቸው” አልኳት። “ታዲያ ይኼው ጨመሩልኝ፤ ምን ቀረ?” አለችኝ። በዚያ ሰሞን ዝናቡ ቀንም አያባራም ነበር። የላህ ወንዝ ቀይ ሆኖ፣ ከነግንዱ ዛፍ እየጎተተ ይወርዳል። አባቴ ድልድዩ ላይ ቆሞ አይቶት “ዘንድሮ ክፉ ነው” አለ። ስለ ወንዙ ይሁን ስለ ሌላ አልጠየቅኩትም።

ፍልሰታ ሲፈታ ዶሮ ታረደ። እንቁም ከቡሬ መጣች፤ አዲስ ቀሚስ፣ አዲስ ሽቶ፣ ያው ስልክ። እናቴ ከሁሉ አስቀድማ ዋንጫዋን ከመደርደሪያው አወረደች። ከውስጡ እፍኝ ዘግና በዶሮው መረቅ ዋጠቻቸው። የዕለቱን ደግሞ ከብልቃጡ፤ የሆስፒታሉንም፣ የተጨመረውን ያህል።

“እንቁ፣ አይተሻል? አስቁሚያት እንጂ!” አልኩ።

እንቁ ትንሽ ደንገጥ አለች። “እናኑዬ፣ ሰብሰብ አድርጎ መውሰድ… እ…” ስልኳን ነካካች። “ኢንተርኔት የለም እንጂ አይላችሁ ነበር። ግን ተፈጥሮ ነው፤ ምግብ እኮ ነው፤ ምን ያደርጋታል?”

በማግስቱም እፍኝ፣ በሦስተኛውም እፍኝ። ዋንጫው ባዶ ሆነ።

መጀመሪያ ያየሁት መፋቂያዋን ነው። ጥርሷን ፍቃ የጣለችው እንጨት ጫፉ ቀይ ነበር። “ድዴ ነው፤ እንጨቱ ሻካራ ሆኖብኝ” አለች። ቀጥሎ ነጠላዋ ላይ ከአፍንጫዋ የወረደ ነጥብ አየሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላት ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። የግራ ዓይኗ ነጩ የለም። ሙሉ በሙሉ ደም ሆኗል፤ በቀዩ መካከል ጥቁሩ ብሌን ብቻ ያየኛል።

“እማ፣ ዓይንሽ!”

“የአረቄው ጭስ ነው።”

“አሞሻል?”

“አላመመኝም። እግሬ ነው የከበደኝ። አያ ገነነን ጥሪልኝ፤ ያንን ክፉ ደም ያውጣልኝ።”

አያ ገነነ ዋግምት ያወጣሉ። ወገብ የያዘው፣ ራሱን የፈለጠው፣ እግሩ ያበጠው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። በምላጭ ይበጡታል፣ በላዩ የላም ቀንድ ደፍተው ደሙን ይስባሉ። እጃቸው ቀላል ነው፤ እኔንም ለትከሻዬ በጥተውኛል፣ አልጮህኩም። እንቁን ለብቻዋ ወደ ጓሮ ወሰድኳት።

“ሲስተሯ ‘ከቀጠነ አይቆምም’ ብላለች። አሁን ሊበጧት ነው!”

“ሲስተሯ ተመለሱ ብላ የለ? ነገ እንወስዳታለን።”

“ዛሬ አያ ገነነ፣ ነገ ሆስፒታል?”

“አምለሰት፣ እኔ ላይ አትጩኺ! እህቴ ናት!” ዓይኗ ግን ከእኔ ሸሸ። ያኔ ነው የገባኝ። እንቁም ፈርታለች።

አያ ገነነ ከሰዓት በኋላ መጡ። እናቴን በርጩማ ላይ አስቀምጠው እግሯን ዘረጉ። “ምነው እናኑ፣ ዓይንሽ የፍም ድስት መሰለ?” ብለው ቀለዱ። ሊበጧት ሲሉ ከፊታቸው ቆምኩ።

“አያ፣ ዛሬ ይቅርብዎ። ደም የሚያቀጥን ክኒን ላይ ናት።”

“ቢቀጥንማ ደግ፤ ሲሳብ አያስቸግረኝም።”

“አያ ገነነ፣ በሞቴ!”

“ምን ሞትሽን ትጠሪያለሽ አንቺ? ዞር በይ ከፊታቸው” አለች እናቴ። አባቴ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ባቷ ላይ በጥተው ቀንዱን ደፉት።

ሁልጊዜ አያ ገነነ ቀንዱን ሲያነሱ ውስጡ ያለው ደም እንደ ጉበት ረግቶ ይወጣል። ይገለብጡትና “ይኼውልህ በሽታህ” ይላሉ፤ ታማሚው ለማየት ቢጠየፍም ደስ ይለዋል። ከእናቴ ባት ላይ ሲያነሱት ግን የረጋ ነገር አልወጣም። ወርዶ ፈሰሰ። እንደ ወይን፣ እንደ ውሃ፣ መሬቱ ላይ ሄደ። አያ ገነነ ቀንዱን ወደ ብርሃን ይዘው አዩት፤ ጣታቸውን አስገብተው አወጡ።

“አልረጋም” አሉ ለራሳቸው።

ጨርቅ ጫኑበት። ጨርቁ ራሰ። ሌላ ጫኑ። እንቁ የተፈጨ ቡና አምጥታ ቁስሉ ላይ ደፋችበት፤ ደሙ ቡናውን ይዞት ወረደ። ትንንሽ ብጦች ናቸው እኮ፤ የሽንብራ ፍሬ አያክሉም። ግን ከያንዳንዷ ቀጭን ክር ይወጣል፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። እናቴ መጀመሪያ እኛን ስትቆጣ ነበር። ቀስ በቀስ መቆጣቱን ተወችው። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። አያ ገነነ “እኔ… እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው” ይላሉ።

አባቴ ጎረቤት ጠራ። ቃሬዛ ላይ አድርገው በላዩ የማዳበሪያ ላስቲክ ሸፈኗት። ሲያነሷት ጎንበስ ብዬ ብልቃጡን ከመደርደሪያው አንስቼ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ አየችኝ፤ በዚያች ቀይ ዓይኗ።

“አምለሰት። እንቁን እንዳታስወቅሻት።”

“እሺ የኔ እመቤት” አልኳት።

እስከ አስፋልቱ በጭቃ፣ ከዚያ በእህል ጫኝ መኪና። እየጎተተን ስንሄድ የላስቲኩ ላይ ውሃ ቀይ እየሆነ ጫማዬ ሥር ሲጠራቀም አያለሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ከንፈሯ ነጥቷል። የመጀመሪያውን ጊዜ ያየን ሐኪም ነበር።

“ከታዘዘላት ሌላ ምን ወስዳለች?”

“ምንም” አለች እንቁ። ቶሎ አለች፣ ሳይጨርስ ማለት ይቻላል።

“ምንም” አለች እናቴም ከአልጋው፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

ብልቃጡን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። “ከቦካ ዓሣ ላይ ካለ ባክቴሪያ ነው። የረጋ ደም ያሟሟል ተብሎ። በጦሙ አቁማው ነበር፤ እናንተ ስትለኩ ወፈረ ብላችሁ ጨመራችሁላት። ጦሙ ሲፈታ ያቆየችውን ሁሉ አንድ ላይ ወሰደችው። ከዚያ ተበጣች።”

ሐኪሙ ብልቃጡን አነበበ፤ እንቁን አላያትም። “ይኼ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ አላውቅም፤ ሰው ላይ በደንብ አልተጠናም” አለ። “ከኛ ክኒን ጋር፣ ያውም ከተጨመረው ጋር ሲደራረብ ግን ይኼው።” ከዚያ ወደ ሲስተር ውዳሴ ዞሮ መድኃኒት ጠራ፣ ደም ጠራ፣ እኛን አስወጣን። አባቴና ከጎረቤቶቹ አንዱ ደም ሰጡ። እንቁ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አዲሱን ቀሚሷን ታያለች፤ ዳሩ በቡናና በደም ደርቋል።

ደሙ ቆመ። እናቴ አልሞተችም።

አባቴ በማግስቱ ላሟን ለማለብ ወደ ቤት ተመለሰ። ሐኪሙ ግን እኔንና እንቁን ጠርቶ አስቀመጠን። “ደሟ እንዲረጋ አድርገናል። አሁን ደግሞ የእግሯ የረጋ ደም እንዳያድግ ነው የምንፈራው። ባቷን አይታችኋል?” አይተናል። ተወጥሮ እንደገና እያበራ ነበር። “ስለዚህ ሌላ መርፌ እንጀምራለን። ሆዷ ላይ የሚወጋ ነው። ችግር ከመጣ ቶሎ ማቆም እንችላለን። መዝለል ግን የለም።”

ሲስተር ውዳሴን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። “ሲስተር፣ ይኼኛውስ ከምንድን ነው የሚሠራው?”

“ለምን ፈለግሽው?”

“እናቴ ትጠይቃለች። ቀድሜ ልወቅ ብዬ ነው።”

ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ከአሳማ አንጀት።”

እናቴ የአሳማ ሥዕል ያለበት ቲሸርት የለበሰ ልጅ ቡሬ ገበያ ላይ ስለጨበጣት እጇን በአመድ የታጠበች ሴት ናት።

“ሌላ የላችሁም?”

“ለእሷ የሚሆን አሁን እዚህ ያለው ይኼ ነው።”

“ካልወሰደችስ?”

“ያኔ መጠበቅ ነው፤ እግሯ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ፣ ወይ ይሄድ እንደሆነ።” ወዴት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከሰዓት ሲስተሯ መርፌውን በትሪ ይዛ ገባች። እናቴ ትራስ ተደግፋለች፤ ፊቷ እንደ ጎመን ግንድ ነጥቷል፣ ዓይኗ ገና ቀይ ነው። ነጠላዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ይዛለች።

“ይኼ ከምንድን ነው?” አለች።

ሲስተር ውዳሴ አፏን ከመክፈቷ ቀደምኩ። “ፋብሪካ ነው የሚሠራው።”

“ፋብሪካ ከምን?”

“ከኬሚካል። የጦም ነው፤ ጥርት ያለ የጦም።”

“አንቺ ትናንት ‘እሺ የኔ እመቤት’ ብለሽኝ ነበር” አለች እናቴ። ከዚያ ወደ እንቁ ዞረች። “ስሙን ከጠርሙሷ አንብቢና በስልክሽ እዪልኝ። ከምን እንደሆነ ሳላውቅ አልወጋም።”

እንቁ ጠርሙሷን ተቀብላ ወደ ኮሪደር ወጣች። በሩ ክፍት ነበር። ከቆምኩበት ይታየኛል። አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ከዚያ መሄዱን ተወ። ራሷን ቀና አድርጋ በመስኮቱ ዝናቡን አየች። በሕይወቷ ሙሉ ያገኘችውን ወሬ ከመናገር አንድ ቀን አርፋ አታውቅም። ሄጄ አጠገቧ እንዳልቆም ሲስተሯ በዓይኗ ያዘችኝ።

“እንቁ! አገኘሽው?” አለች እናቴ ከውስጥ።

እንቁ ገባች። ጠርሙሷን ትሪው ላይ መለሰች።

“ኔትወርክ የለም” አለች።

ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። የጮኸውም የሰርግ ዘፈን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሁሉ ዞሩ። እንቁ ስልኩን አየችው፣ እንደ እባብ።

“ኢንተርኔቱን ነው ያልኩት” አለች።

እናቴ ስልኩን አየች። ቀጥላ እንቁን አየች። ቀጥላ እኔን። ቀዩ ዓይኗ ሲያርፍብኝ መሬት መሬት ማየት አማረኝ፣ ግን አላደረግሁትም። ስልኩ ይጮሃል።

“አዎ” አለች እናቴ በመጨረሻ። “ኢንተርኔቱን ነው ያልሽው። አንሺው እንጂ፣ ቢሆነኝ ይሆናል። ደህና ናት በይው።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ነጠላዋን ከሆዷ ላይ ገለል አደረገች። ሲስተር ውዳሴ መርፌውን ስትወጋት ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እያለች እንደሆነ አልሰማሁም፤ ጎንበስ ብዬ ለመስማትም አልደፈርኩም።